ስለ ማሳደጊያ ቤት «እናቶች» ድራማው ያስለመደን የተሳሳቱ ነገሮች

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ማታ ማታ ቡና የሚፈላው ድራማ ተከፍቶ ነው። ወላጅ አልባ ልጆችና አንዲት ደግ ሴት ያሉበት ከሆነ ደግሞ ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰሞኑን የጎረቤት ልጆች ከዩቲዩብ እየቆራረጡ የሚያሳዩን «ቺኪቲታስ» የሚባል የአርጀንቲና ድራማ ነው። «ሪንኮን ዴ ሉስ» በሚባል ማሳደጊያ ቤት ስለሚኖሩ ሕፃናትና እንደ እናት ስለምትይዛቸው ቤሌን ስለምትባል ወጣት ነው ታሪኩ። ቤሌንን ሆና የተጫወተችው ሮሚና ያን ናት። ድራማውን እወደዋለሁ፣ ሮሚናንም በጣም ነው የምወዳት። ግን ቡና ላይ የሚባለውን ስሰማ አሳሰበኝ። ከእኛ ብሎክ ጀርባ ትንሽ ራቅ ብሎ እውነተኛ የሕፃናት ማሳደጊያ አለ፣ እና ከድራማ ያመጣነውን እምነት ይዘን ነው በሩን የምናንኳኳው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የቱርክ ነው፣ ደግሞ የእውነት ታሪክ ነው»

ሁለቱም አይደለም። ክሪስ ሞሬና የምትባል አርጀንቲናዊት የፈጠረችው ልብ ወለድ ነው። ቴሌፌ በሚባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተጀምሮ በ2001 አለቀ። ብራዚሎችም ወስደው የራሳቸውን ሁለት ጊዜ ሠርተውታል፣ በ1997 እና በ2013።

«ተዋናይዋ ራሷ እናት አባት ሳይኖራት ያደገች ናት፣ አለዚያ እንዲህ አታለቅስም»

ይህን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ድራማውን የፈጠረችው ክሪስ ሞሬና የሮሚና የገዛ እናቷ ናት። አባቷ ጉስታቮ ያንኬሌቪች ደግሞ በቴሌፌ ትልቅ ኃላፊ ነበር። እናትም አባትም ያላት፣ በቴሌቪዥን ሥራ መሀል ያደገች ልጅ ናት።

ዕድሜዋም ይገርማል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1974 ነው፣ ድራማው የጀመረው በነሐሴ 1995። 21 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር ማለት ነው! ያቺ እጇ ላይ ሕፃን የተኛባት፣ ሌላው ቀሚሷን የያዘባት፣ ሁሉንም በየስሙ የምትጠራ «እናት» የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ሁሉ ያመጣችው በትወና ነው፣ እና ችሎታዋን «የደረሰባትን ነው ያሳየችው» ብሎ ማሳነስ ግፍ ነው። በኋላ እሷም የሦስት ልጆች እናት ሆነች። በመስከረም 2010፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ልቧ ቆሞ በ36 ዓመቷ አረፈች። ነፍስ ይማር።

«ወላጅ አልባ ማለት ማንም የሌለው ልጅ ነው»

እዚህ ላይ ድራማው ራሱ ይመልስላችሁ። ሚሊ የምትባለው ዋናዋ ሕፃን እናት አላት። በሕይወት አለች! አያቷ ነው ለእናትየዋ ልጅሽ ሞታለች ብሎ፣ ልጅቷን ማሳደጊያ ቤት የደበቃት። ይህን ሁሉ ክፍል እያየን አልቅሰን፣ ሲያልቅ ደግሞ «እነዚህ ማሳደጊያ ያሉ ልጆች ማንም የላቸውም» እንላለን።

ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ የሚለው አንዱን ወይም ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ ልጅ ነው። በዚህ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ወደ 140 ሚሊዮን ገደማ ልጆች ነበሩ፣ ሁለቱንም ወላጆቻቸውን ያጡት ግን 15 ሚሊዮን ብቻ። ሌሎቹ ወይ እናት ወይ አባት አላቸው። እኛ አካባቢ ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከገጠር መጥታ ግንባታ ላይ አሸዋና ብሎኬት የምታመላልስ፣ አባትየው የጠፋባት፣ ሕፃን አዝላ ሥራ የሚከለክሏት፣ ቤት ኪራይ የሚጨመርባት ሴት ልጇን «እስክቋቋም ድረስ ያዙልኝ» ብላ ብትሰጥ ልጇን ስለጠላች አይደለም። ለዚህች ሴት ቀን ቀን ልጇን የሚይዝላት ቦታ ቢገኝ ኖሮ ብዬ ሁሌ አስባለሁ። ያኔ ሌላ «ደግ እናት» ባላስፈለገ ነበር።

«አንዲት ፍቅር ያላት ሴት ከተገኘች ሁሉም ይስተካከላል»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ድራማው ላይ ቤሌን ሁሌም አለች። ሕፃን ሌሊት ሲነቃ እሷ፣ ጠዋት እሷ፣ ሲያመው እሷ። እውነተኛው ማሳደጊያ ቤት በፈረቃ ነው የሚሠራው። የማታ ሞግዚት ጠዋት ትወጣለች፣ የቀኗ ትገባለች። አንድ ቀን ፈረቃ ሲቀያየር በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። የማታዋ ሞግዚት ነጠላዋን ልትለብስ ስትል አንድ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ የነጠላውን ጫፍ ይዞ አልለቅም አለ። አላለቀሰም። ዝም ብሎ ያዘ። እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች «ማታ እመጣለሁ የኔ ጌታ» ትለዋለች፣ የቀኗ ደግሞ ሌላ ሕፃን አቅፋ ሦስተኛውን እያበላች ነበር። ሁለቱም ጥሩ ሴቶች ናቸው። የጎደለው ፍቅር አይደለም፣ እጅ ነው የጎደለው፣ እና ልጁ «የኔ» የሚላት አንዲት ሴት።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሩማንያ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ በጣም የታወቀ ጥናት አለ። በማሳደጊያ ተቋም የነበሩ 136 ሕፃናትን ወስደው ግማሾቹን በዕጣ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋር አስገቧቸው፣ ሌሎቹ እንደነበሩ በተቋሙ ቀጠሉ። ቤተሰብ ጋር የገቡት ልጆች በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመቀራረብም የተሻሉ ሆነው ተገኙ፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ልጅ በልቶና ለብሶም ቢሆን አንድ ቋሚ ሰው ካላገኘ ይጎዳል።

እንዲያውም ድራማው ላይ እናትየዋ ተቀይራለች። ሮሚና እስከ 1998 ነው በዋናነት የሠራችው። በ1999 ግሬሲያ ኮልሜናሬስ አና ሆና መጣች፣ በ2000 ደግሞ ሮሚና ጋኤታኒ የምትባል ሌላ ተዋናይ ሉስ ሆና። ተመልካች ሁለት ሳምንት ያኮርፍና ይለምዳል። ሕፃን ግን እንደዚያ አይለምድም።

«ደሞዝ እየተከፈላት ምን እናት ትባላለች?»

ይህ ይከነክነኛል። ኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደርን አስቡ። ኸርማን ግማይነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 ኦስትሪያ ውስጥ ሲጀምረው ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ትልቅ አዳራሽ ቀርቶ ትንንሽ ቤቶች፣ በየቤቱ ጥቂት ልጆችና አንዲት ቋሚ እናት። ለእናትነቷ ይከፈላታል፣ ሥራዋ ነው። እኛም አገር ከመቀሌ ጀምሮ በተለያዩ ከተሞች በዚህ መንገድ ያደጉ፣ ዛሬ ራሳቸው ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ፣ እና «እናቴ» ነው የሚሏት። ደሞዝ መክፈል ፍቅርን አይቀንስም። ሞግዚቷ የቤት ኪራይዋን መክፈል ካልቻለች ግን ሥራ ትለቃለች፣ ልጁም እንደገና አዲስ ሰው ይለምዳል።

«እንዲህ ያለች ሴት ፊልም ላይ እንጂ በእውን የለችም»

የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ረሳናቸው እንዴ? በ1972 ዓ.ም. ግድም ለግሸን ማርያም ወደ ወሎ ሄደው፣ በድርቁ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው ወይ ልጆቹን ወይ ቤትሽን ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ድራማው ቢደገም ይህን የሚያክል አያመጣም። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በኮቪድ አረፉ። ደግሞ ልብ በሉ፣ ልጆች ሰብስበው ብቻ አልቀሩም። ድርጅታቸው እናቶችን ሙያ አስተምሮ ገቢ እንዲያገኙ ይረዳ ነበር።

«ልጁ አንጀትህን ከበላህ ይዘኸው መሄድ ነው»

አይቻልም። በቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ የሚጸድቀው በፍርድ ቤት ነው። ጉዲፈቻ አድራጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ከሞላቸው ይበቃል። ፍርድ ቤቱ የልጁንም ሐሳብ ያያል። ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በፓርላማ ውሳኔ ቆሟል። በልባችሁ ካለ ግን ተስፋ አትቁረጡ። የወረዳችሁን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ስለ አደራ ቤተሰብም ጠይቁ፣ ልጅን ለጊዜው ቤታችሁ ተቀብሎ መያዝ ማለት ነው።

«ልጆቹ እንግዳ ሲመጣ ይወዳሉ፣ ሮጠው ነው የሚያቅፉህ»

ያቅፋሉ፣ እውነት ነው። ግን የማያውቀውን ሰው ሁሉ ሮጦ የሚያቅፍ ሕፃን ብዙ ጊዜ የራሴ የሚለው ሰው ያላገኘ ነው። የቡካሬስቱ ጥናትም ይህን አይቷል። እኛ ደግሞ የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዕለት ሚኒባስ ሞልተን እንሄዳለን፣ ድፎ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ቲክቶክ ላይ እንለጥፋለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው በዓል የለንም። የልጁ ፊት ያለ ፈቃድ ዓለም ላይ ተበተነ። አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ቪዲዮ ይከተለዋል።

መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ። ቀድማችሁ ደውላችሁ ምን እንደጎደለ ሞግዚቶቹን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሏችሁ ዳይፐር፣ የልብስ ሳሙናና የዱቄት ወተት ነው። ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ተዉት። ጊዜ ካላችሁ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሁሌ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ ልብስ አጥባችሁ ወይ ሽንኩርት ከትፋችሁ ሞግዚቷ ከልጆቹ ጋር እንድትቀመጥ አድርጉ።