«ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ይግባ»፦ ስለ ቤታችን ጤና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ ወይም በሰበታ በኩል ጎጆ የቀለሰ ሰው ብዙውን ነገር ራሱ ነው የሚወጣው። ሽንት ቤቱን ያስቆፍራል፣ ውሃውን በፈረቃ ይጠብቃል። ምክሩን የሚያገኘው ከጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ሁሌ ልክ አይደለም።

«ጭሱ ካለቀ ከሰል አይጎዳም»

ክረምት ሲገባ ማንደጃውን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ መኝታ ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። ገዳዩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደህና ከቀላ ፍምም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያቅለሸልሸው ይወጣል። የተኛው አይነቃም። ብርዱን ፈርተን የበሩን ስር በጨርቅ ስንወትፍ ደግሞ ጭራሽ እናባብሰዋለን። ብርድ ልብስ ደርቡ እንጂ ማንደጃ ይዛችሁ አትተኙ።

«ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ውሃው ንጹሕ ነው»

የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ይባላል። እስቲ 150 ካሬ ቦታ ላይ ሞክሩት። 10 በ15 ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ 18 ሜትር ብቻ ነው! የጎረቤት ሽንት ቤትም አጥር አያግደውም፤ ፍሳሹ በአፈር ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ የግቢ ጉድጓድ ውሃ ለልብስና ለወለል ይሁን። ለመጠጥ ከፈለጋችሁት አፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በመመሪያው መሠረት ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

«እዚህ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ጀርም አይገድልም»

ግማሹ እውነት ነው። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ግን ተቅማጥ የሚያመጡት ጀርሞች ከዚያ በታችም ይሞታሉ። ለማንኛውም ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ። ይልቅ የሚያሳስበው በኋላ ያለው ነው፦ የፈላውን ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን መገልበጥ፣ ኩባያ ከነእጅ እየነከሩ መቅዳት።

«ሽንት ቤት ሲሸት በረኪና ድፉበት»

በረኪና ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። አመድ ነስንሱበት፣ ቀዳዳውን ክደኑት።

«የሕፃን ካካ ምንም አያደርግም»

ያደርጋል፣ እንደውም ከአዋቂው ሊብስ ይችላል። ፖፖውን አጥር ስር ሳይሆን ሽንት ቤት ድፉት። ከዚያ እጅ በሳሙና፤ ሳሙና ካለቀ በአመድ።