ስሙ ጄት፣ ክንፉ ላይ ፕሮፔለር፦ ስለ ጃምቦጄት የሚወሩ የተሳሳቱ ወሬዎች

ናይሮቢ ደርሶ ወደ ሞምባሳ መውረድ ያማረው ሐበሻ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው፦ «ጃምቦጄት የሚሉት ነገር ይታመናል?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ነው፤ ሁሉም የሰማውን ይመልሳል።

ለማያውቀው፦ ጃምቦጄት ርካሽ አየር መንገድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የኬንያ አየር መንገድ (የኬንያ ኤርዌይስ) ንብረት ነው፣ እናትና ልጅ በሏቸው። በፈረንጆቹ 2014 በረራ ጀመረ። ሞምባሳ፣ ኪሱሙ፣ ኤልዶሬት፣ ማሊንዲ፣ ላሙ እያለ አገር ውስጥ ይመላለሳል፤ ዛንዚባርም ይሻገራል። «ጃምቦ» በስዋሂሊ ሰላምታ ነው።

«ርካሽ ከሆነ ከደህንነቱ ላይ ቀንሰው ነው።»

ይሄ ወሬ ከሁሉም በላይ ይወራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሳሳታል። ልጅየውንም እናትየውንም የሚቆጣጠረው ያው የኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ለርካሽ ትኬት ተብሎ የሚላላ የጥገና ደንብ የለም። ታዲያ ቅናሹ ከየት መጣ? አውሮፕላኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ስለዚህ ፓይለቱም መካኒኩም መለዋወጫውም ለአንድ ዓይነት ብቻ ነው የሚዘጋጀው። ቢዝነስ ክላስ የሚባል ነገር የለም፤ 78 ወንበር፣ ሁሉም እኩል። ከዛ ደግሞ አርፎ ቶሎ መነሳት አለ። ሚኒባስ ታክሲ አስቡት፦ ተራ ይዞ ሲቆም ለባለቤቱ ምንም አያስገባም፣ ቢያጆ በበዛ ቁጥር ነው ኪስ የሚሞላው። አውሮፕላንም ያው ነው፣ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ወጪ ብቻ ነው።

«ፕሮፔለር ያለው እኮ የጥንት አውሮፕላን ነው።»

እውነት ለመናገር ስሙ ራሱ ያሳስታል። ጄት ይላል፣ ስትሳፈር ግን ፕሮፔለር ይጠብቅሃል። ሲጀምር ቦይንግ 737 ነበር፣ በኋላ ነው ኪው 400 ወደሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የዞረው። ከቦሌ ባሕር ዳር ወይም ጅማ የበረራችሁ ይሄን አውሮፕላን ሳታውቁት ተሳፍራችሁበት ይሆናል፤ የእኛም አየር መንገድ ለአገር ውስጥ ይጠቀምበታል። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የተርባይን ሞተር ነው፣ የአያቶቻችን ዘመን ፒስተን አይደለም። ናይሮቢ ሞምባሳ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነት አጭር መንገድ ከጄት ይልቅ ይሄ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጄቱ ከፍታው ላይ ወጥቶ ገና ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። አንድ ነገር ግን አልዋሽም፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫጫታ አለው። እንቅልፍ የሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀመጥ።

«ሁሌም ርካሽ ነው።»

አይደለም። ሲጀምር ናይሮቢ ሞምባሳን ከ2,850 ሽልንግ ጀምሮ ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። «ከ… ጀምሮ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ያቺ ዋጋ ቀድሞ ለቆረጠ ናት። የገና ሰሞን ግማሹ ናይሮቢ ወደ ባሕር ሲወርድ በመጨረሻ ሰዓት ትኬት የፈለገ ሰው «ርካሽ» የሚለውን ቃል ይረሳዋል። ያኔ ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው ባቡር አለ፤ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል እንጂ ያደርሳል።

ከትኬቱ ላይ ደግሞ ሻንጣው አለ። እዚህ ላይ እኔም ተሞኝቻለሁ፣ ስሙን የማልጠራው ሌላ ርካሽ አየር መንገድ ላይ። ትኬቱን ሳየው ደስ ብሎኝ ምንም ሳላነብ ከፈልኩ። ሚዛኑ ላይ ስደርስ እናቴ የቋጠረችው በርበሬና ሽሮ ለብቻው ይከፈልበት ተባለ። ወለሉ ላይ ሻንጣ ከፍቼ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጃኬቱን ከላይ ለብሼ፣ ሽሮዋን ጉያዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ላቤ ጠብ እያለ። በርበሬው ግን ተከፈለበት። ማንም አላታለለኝም፣ ደንቡ ትኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

«ለራስ ተፎካካሪ ማቋቋም እብደት ነው።»

ሞኝ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ዴልታን ታውቃላችሁ፤ በ2003 ሶንግ የሚባል ርካሽ ልጅ ወልዶ በ2006 ዘጋው። ዩናይትድም ቴድ የሚባል ነበረው፣ በ2004 ተጀምሮ በ2009 መጀመሪያ አበቃለት። በሌላ በኩል የአውስትራሊያው ቃንታስ በዛው በ2004 በረራ ያስጀመረው ጄትስታር እስከ ዛሬ ይበራል። ኬንያ ውስጥ ደግሞ እናትየው ብትተወውም ገበያው አይተዋትም ነበር፤ ፍላይ540 የሚባል ርካሽ አየር መንገድ ከ2006 ጀምሮ ተሳፋሪ እየወሰደባት ነበር። ለእኔ ተሳፋሪው ለሌላ ከሚሄድ ለልጅ ቢሄድ ይሻላል የሚለው ስሌት ያስኬዳል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አስካይ የሚባለው አየር መንገድ የእኛ ጃምቦጄት አይደለም። ቶጎ፣ ሎሜ የተቀመጠ፣ በ2010 መብረር የጀመረ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው ድርጅት ነው፣ ቢዝነስ ክላስም አለው። ዱባይ ያላችሁም፣ ፍላይዱባይ የኤምሬትስ ልጅ ሳይሆን ወንድሙ ነው በሉት፤ ሁለቱም የዱባይ መንግሥት ናቸው።

«እናትና ልጅ ስለሆኑ ትኬቱ ያው ነው።»

ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአንድ ትኬት መጥተህ የሞምባሳውን ለብቻው ከቆረጥክ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥህ ኪሳራው ያንተ ነው። ሻንጣህም በራሱ አይሻገርም። ኢሚግሬሽን ታልፋለህ፣ ሻንጣህን ከቀበቶው ታነሳለህ፣ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ትሄዳለህ፣ እንደገና ቼክ ኢን ታደርጋለህ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ሦስት ሰዓት ብትተው አይከፋህም። ሻንጣው ውስጥ በርበሬ ካለ ደግሞ ኪሎውን ቤትህ መዝነው።