ከቢሮ ወደ ብርና መስታወት፦ ሰው የሚለውና እውነታው

የሒሳብ ሥራዬን ለቅቄ የብር ጌጥና የመስታወት ዶቃ ወደ መሥራት ስገባ ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። አሁን ተራው የኔ ሆኗል፤ ከቢሮ መውጣት የሚያስቡ ወጣቶች ይጠይቁኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ላንሳ።

«ተምሮ አንጥረኛ?» ይሄ ያመኛል። ብር አንጣሪውንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን ለስለስ ብሎ «ዲግሪሽን ምን አደረግሽው?» ሆኖ ዛሬም ይመጣል። ዲግሪዬ አልባከነም። የብሩን፣ የጋዙንና የሰዓቴን ወጪ ለይቼ ዋጋ የማወጣው በሱ ነው። ደግሞስ የምንሳለመውን መስቀል ያበጀ እጅ እንዴት ይናቃል?

«ከአለቃ ትገላገያለሽ፣ ዘና ትያለሽ።» ደንበኛም አለቃ ነው። ለሠርግ የታዘዘ ጌጥ ቀኑ አይገፋም። ፎቶ ማንሳቱ፣ ዕቃ ፍለጋው፣ ለደንበኛ መልስ መስጠቱ ከእሳቱ ፊት የሚያቆየኝን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም ገበያውም ይቀዘቅዛል። እና ምክሬ ይሄ ነው፦ ደመወዝ እያላችሁ ቅዳሜና እሁድ ጀምሩ፣ የወራት ቀለብና የቤት ኪራይ ሳትይዙ መልቀቂያ አታስገቡ።

«መስታወት ቅርጽ ከያዘ አለቀ።» ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዶቃ ለመሥራት ቀጭን የብረት ዘንግ ሸክላ ያለበት ቅባት ይቀባል፤ ዶቃው በኋላ እንዲላቀቅ ነው። ባለቀለሙ መስታወት በጋዝ ነበልባል ሲለሰልስ እንደ ማር ይሳባል። ያኔ ብረቱን እያዞሩ መጠቅለል ነው። እጅ ለአፍታ ከቆመ ዶቃው ወደ ታች ይንጠለጠላል።

አምሮ የወጣውን ዶቃ እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡት ውጪው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። ውስጡ በተራው ሲኮማተር የደረቀው ውጪ አልከተልም ይለዋል። ውጥረቱ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ዶቃው ያን ቀን ደህና ይመስላል፤ ሳምንት ቆይቶ የገዛችው ሴት አንገት ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከነበልባሉ ቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይገባል። እንደ መስታወቱ ዓይነት 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆይና ለሰዓታት ቀስ እያለ ይበርዳል። መብራት ከጠፋ ደንግጣችሁ ምድጃውን እንዳትከፍቱ። ተዘግቶ ከቆየ ሙቀቱን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው።

«መስታወት ሁሉ አንድ ነው፣ የጠርሙስ ስባሪም ይሆናል።» ጠርሙስ ለብቻው ይሆናል፤ ችግሩ ከሌላ ሲቀላቀል ነው። እያንዳንዱ መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጥበት መጠን ይለያያል። በሙያው ቁጥር ተሰጥቶታል፦ ለዶቃ የሚመረጠው ለስላሳው 104 ሲሆን፣ ሙቀት የሚችለው የላብራቶሪ መስታወት 33 ነው። ሁለቱን አጣብቃችሁ ብትሠሩ ሲበርዱ ይሰነጠቃሉ፤ ምድጃም አያድናቸውም።

«የመስታወት ጥበብ የፈረንጅ ነው» ለሚል፣ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ሜትር ካሬ ባለቀለም መስታወት ይይ።

«የጠቆረ ብር የውሸት ነው።» ብር የሚጠቁረው በአየርና በላብ ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ሲገናኝ ነው። እውነተኛው ብርም ይጠቁራል። ንጹህ ብር ለቀለበት በጣም ለስላሳ ነው፤ ይጣመማል። ስለዚህ 92.5 በመቶ ብር ላይ 7.5 በመቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ፣ ይጨመርበታል። 925 የሚለው ማኅተም ይሄው ነው። አያቶቻችን አንጥረኞች መስቀልና አምባር ያቀለጡበት የማሪያ ቴሬዛ ብር እንኳ 83.3 በመቶ ገደማ ነበር።

«ዋጋው በግራም ነው።» የወርቅ ቤት ልማድ ነው፤ እዚያም ቢሆን በግራሙ ላይ የእጅ ይጨመራል። ዶቃ ላይ የመስታወቱ ዋጋ ትንሽ ነው፣ የሚበዛው የእጅ ነው። ጀማሪዎች ሰዓታቸውን ሳይቆጥሩ ሲሸጡ አያለሁ። እባካችሁ ቁጠሩት።

የመጨረሻው ቀለም ስለሚጫወትበት የከበረ ድንጋይ፣ ስለ ኦፓል ነው። «ውሃ ሲነካው ቀለሙ ከጠፋ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። ከወሎ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ብዙው ውሃ የሚመጥ ነው። ሲርስ መስታወት መስሎ ይጠራል፣ የቀለም ጨዋታው ይደበዝዛል። ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አታድርቁት፣ ይሰነጠቃል። እኔም ድንጋዩን ጌጡ ላይ የማስቀምጠው ብየዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዘይትና ሽቶም ወደ ውስጡ ይስባል፤ ያ ደግሞ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ቀለበቱን ከእጅ መታጠብና ሽቶ ከመቀባት በፊት አውልቁት።