«ያደጉበት ሃይማኖት» ምንድን ነው? የማያምን ሰውስ ለምን ይጠየቃል?

በሰሜን አየርላንድ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ «ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሃይማኖት የለኝም» ያለ ሰው ግን በዚህ አይሰናበትም። «ያደጉት በየትኛው ሃይማኖት ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል። አምላክ የለም ብሎ ከወሰነ ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ልጅ ሳለ እናቱ እጁን ይዛ ወደ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ትወስደው እንደነበር ይጠየቃል ማለት ነው።

«የተውኩትን ነገር ስለ ምን ታነሱብኛላችሁ?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። እኔ ግን ስለ ኢአማንያን፣ አምላክ የለም ስለሚሉ ሰዎች፣ ከሚነሡ ጥያቄዎች መካከል የዚህን ያህል ብዙ ነገር የሚገልጥ ያለ አይመስለኝም።

ያደጉበት ሃይማኖት ማለት ሰው ሳይመርጥ የተረከበው ነው፤ የተጠመቀበት ወይም የተገረዘበት ሥርዓት፣ ቤተሰቡ የሚጾመው ጾም፣ የበዓሉ ማለዳ ሽታ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ በቃሉ የያዘው ጸሎት፣ ስለ ሞት መጀመሪያ የሰማው ማብራሪያ። እምነቱ የሄደ ቀን ይህ ሁሉ ተጠራርጎ አይሄድም። ከዚህም በላይ፣ አምላክ የለም የሚል ሰው ሁልጊዜ የሚያውቀውን አምላክ ነው የለም የሚለው። በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እየተሟገተ ያደገ ሰው እምነቱን ሲተውም ብዙ ጊዜ በጥቅስ ይሟገታል። አሜሪካዊው ዳን ባርከር የወንጌል ሰባኪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 እምነቱን መተዉን ይፋ ካደረገ በኋላ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ የሚሟገት ትልቅ ድርጅት መሪ ሆነ፤ እንደ ቀድሞው ከተማ ለከተማ እየዞረ ይናገራል፣ ይከራከራል። እስልምናን መተው በሕግ በሚያስቀጣባቸው አገሮች ደግሞ ከሙስሊም ቤተሰብ የወጣ ሰው ክርክሩን ለማንም ሳያሰማ በልቡ ይዞት ሊኖር ይችላል። ኢአማኒ የሚለው ስም የጋራቸው ይሁን እንጂ የመጡበት በር ለየቅል ነው።

ሰሜን አየርላንድ ይህን የምትጠይቀው በምርምር ፍቅር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 የሰላም ስምምነት ድረስ በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ወገኖች መካከል በዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ገዳይ ሰውን «በሥላሴ ታምናለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ ከየትኛው ወገን እንደተወለደ ነበር የሚያየው። ሥራና ቤት ሲሰጥም እንዲሁ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ ቀጣሪዎች የሠራተኞቻቸውን የትውልድ ወገን እንዲመዘግቡ አስገደደ። ሠራተኛው ራሱ ካልተናገረ የተማረበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ምልክት ሊወሰድ ይችላል፤ በዚያ አገር የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ልጅ በአብዛኛው በየራሱ ትምህርት ቤት ነው የሚማረውና። ከ2001 እስከ 2011 ፖሊስ ግማሹን ምልምል ከካቶሊክ ወገን፣ ግማሹን ከሌላው ሲቀጥር፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ ወጣት በወላጆቹ ወገን ተቆጥሮ ነበር የሚገባው።

የ2021 ቆጠራ ውጤት ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነገሩ ይጠራል። ሃይማኖት የለኝም ያሉት ከመቶ 17.4 ናቸው። ያደጉበት ሃይማኖት ሲታከል ግን በየትኛውም ወገን የማይመደቡት ወደ 9.3 ይወርዳሉ። የካቶሊኮች ድርሻ ከ42.3 ወደ 45.7፣ የፕሮቴስታንቶችና የሌሎች ክርስቲያኖች ደግሞ ከ37.3 ወደ 43.5 ከፍ ይላል። እምነቱን ከተወው ሕዝብ የሚበልጠው ከፕሮቴስታንቱ ቤት እንደወጣ ከዚህ ይነበባል። ሃይማኖት የለኝም ያለ ሁሉ ኢአማኒ እንዳልሆነ ግን ልብ ይባል፤ በአምላክ እያመነ ከየትኛውም ቤተ እምነት ያልገባ አለ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የሩሲያ ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አምላክ የለም የሚለውን ትምህርት ከፊት ሆነው ካስፋፉት መካከል ሁለቱ፣ ቼርኒሼቭስኪና ዶብሮሊዩቦቭ፣ የኦርቶዶክስ ቄስ ልጆች ነበሩ። ሁለቱም የካህናት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተምረዋል። አምላክን ትተውም ራስን መካድን አልተዉም፤ ሰው ለድሆች ሲል ምቾቱንና ሕይወቱን እንዲሰጥ በመነኩሴ ቆራጥነት አስተማሩ። ስታሊንም እናቱ ቄስ እንዲሆንላት ተመኝታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ትፍሊስ (የዛሬዋ ትብሊሲ) ካለው የካህናት ትምህርት ቤት ገብቶ በ1899 ወጣ። ሰርጌይ ቡልጋኮቭ ደግሞ የቄስ ልጅ፣ የካህናት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ቀጥሎም ማርክሳዊ ሆኖ ሳለ ወደ እምነቱ ተመልሶ በ1918፣ አብዮቱ ቤተ ክርስቲያንን ማሳደድ በጀመረበት ዓመት፣ ቅስና ተቀበለ። በዚያው በር የወጡ ሁሉ መድረሻቸው አንድ አልነበረም።

አይሁድ ዘንድ ሃይማኖትን ለመተው የተለየ አነጋገር አለ። ወደ እምነት የሚመለስ ሰው «ሖዜር ቢትሹቫ» ይባላል። «ትሹቫ» ንስሐም ነው፣ መልስም ነው። ከዚህ ተነሥተው እምነቱን የተወውን «ሖዜር ቢሽኤላ»፣ ወደ ጥያቄ የተመለሰ፣ ይሉታል። በእስራኤል «ዳትላሽ» የሚል አጭር ስምም አለ፤ የቀድሞ ሃይማኖተኛ ማለት ነው። ሃይማኖተኛ ሆኖ ያላደገ ሰው በዚህ ስም አይጠራም። በሕንድ ጥንታዊ ፍልስፍና ደግሞ «ናስቲካ» የሚባለው በዋነኛነት የቬዳን፣ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ሥልጣን የማይቀበል ነው፤ ስለዚህ ቡድሂስቶችም በዚያ ስም ተጠርተዋል። ካጁ ማን እንደሆነ የሚወስነው የተካደው ነገር ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ቋንቋው ራሱ ይፈርዳል። መጽሐፍ ቅዱሳችን «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል» ሲል ሰነፍ ያለው ሥራ የማይወደውን ሳይሆን አእምሮ የጎደለውን ነው። «ማተቡን የበጠሰ» የምንለውም ክር የቆረጠውን ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የማይታመነውን ሁሉ ነው። እምነትና መታመን አንድ ሥር ስላላቸው የማያምን ሰው የማይታመን ይመስለናል። ይህ ፍርድ ብዙ ሰዎችን ያለ ጥፋታቸው ያሳዝናልና ቆም ብለን ብናስብበት እወዳለሁ።

ከ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተማሪዎች ንቅናቄ ማርክስን ካነበቡት ወጣቶች መካከል በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙ ጥቂት አልነበሩም። የደርግ መንግሥት አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው፤ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። የዚያ ዘመን አብዮታዊ ቋንቋ ግን ከየት መጣ? ለትግሉ የሞተው «ሰማዕት» ነው፤ ሕይወቱን መስጠቱ «መሥዋዕትነት» ነው፤ ከሕዝብ ጋር የገባው «ቃል ኪዳን» ነው። ርዕዮተ ዓለም የሚለው ስያሜ ሳይቀር ከግዕዝ «ርእየ»፣ አየ፣ የተወለደ ነው። ሃይማኖትን የተወው ትውልድ ለመሞት የሚያበቃ ቃል ሲፈልግ ያገኘው እዚያው ባደገበት ግቢ ነበር።

ዛሬም ቢሆን የማያምን ኢትዮጵያዊ የመጣበት በር በማዕዱ ይታወቃል። በከተሞቻችን የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ በስመ አብ፣ ሌላው በቢስሚላህ የታረደ ይሸጣል። የሁለቱም ጸሎት ዋጋ የለውም ብሎ የደመደመ ሰው ለሁለቱም እኩል መሆን ነበረበት። ሆኖም በልጅነቱ ካልለመደው ሥጋ ቤት ሲጋበዝ ጉሮሮው እንቢ የሚለው ብዙ ነው። አእምሮው የወሰነውን አንደበቱ ገና አልሰማም። ይህን ግብዝነት የሚል ይኖራል፤ እኔ አልለውም። ሃይማኖት ትምህርት ብቻ ሳይሆን ልምድም ስለሆነ፣ ልምድ ደግሞ በክርክር ስለማይረታ የሚሆን ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለቱም፣ ለእናቱ ሲል ሁዳዴን ከእሷ ጋር መጾሙም ከዚሁ ነው።

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራችን ኦርቶዶክስ፣ እስልምናና ፕሮቴስታንት ብቻ ከመቶ 95 በላይ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በታተመው ሠንጠረዥ ሃይማኖት የለኝም የሚል የራሱ መስመር የለም። ስለዚህ እዚህ አገር የሚገኝ ኢአማኒ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአንድ ቤት ወጥቶ የመጣ ነው።

በሌላው ዓለም ግን ወጥቶ ያልመጣ ኢአማኒ እየበዛ ነው። በምሥራቅ ጀርመን አያቶቻቸው ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆሙ፣ የሚያምጹበትም የሚናፍቁትም ጸሎት የሌላቸው ወጣቶች አሉ። በሰሜን አየርላንድም ለሁለቱም ጥያቄዎች፣ ለዛሬውም ላደጉበትም፣ «የለም» ብለው የመለሱት እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 5.6 ነበሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 9.3 ሆነዋል።