ሉቲን ለአረጋውያን ማስታወስ ይረዳል ወይ?

እዚህ ጅማ ያላችሁ የቡድናችን አባላት ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ለአያቴ የሉቲን ኪኒን ከውጭ ይላክላት ወይ?» ግራ የሚያጋባው የቱ ጋ እንደሆነ ላስረዳ።

ሉቲን ጎመን፣ ቢጫ በቆሎና የእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለ ቀለም ነው። ሰውነታችን አይሠራውም፤ ከምግብ ነው የሚያገኘው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ 100 ዓመት ገደማ የሆናቸው አረጋውያን ተጠንተዋል። ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር፣ ብዙ ሉቲን የተገኘባቸው በሕይወት ሳሉ የማሰብ ፈተናዎችን የተሻለ ሠርተው ነበር።

ይህ ግን ሉቲኑ ነው ንቁ ያደረጋቸው ማለት አይደለም። አንዲት የ95 ዓመት እማማ ጎመን ይበላሉ፣ ጭንቅላታቸውም ንቁ ነው እንበል። ጎመኑ ረድቷቸው ይሆናል። ወይም ጤነኛ ስለሆኑና የሚያበስልላቸው ልጅ አጠገባቸው ስላለ ይሆናል ደህና የሚበሉት። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለቱን አይለይም።

ለመለየት ለከፊሎቹ ኪኒኑን ሰጥቶ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አደረገ። የዓይን ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ለ5 ዓመት ያህል ሉቲን ወሰዱ። በማስታወስ በኩል ለውጥ አልታየም።

ስለዚህ እኔ ለኪኒኑ ገንዘብ አታውጡ ባይ ነኝ። ጎመኑን በዘይት ወይም በቅቤ ሥሩላቸው፤ ሉቲን ከስብ ጋር ነው በደንብ የሚዋሃደው። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ግን ጎመን በድንገት አታብዙባቸው፣ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ።