የክሬምፍ ፓይን፦ ዝርግ ቅጠል ያለው የቬትናም ዛፍ

የክሬምፍ ፓይን ከቬትናም ደቡባዊ ተራሮች በቀር የትም በዱር የማይበቅል ብርቅ ዛፍ ነው። ፓይን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው መርፌ ቅጠሉን ነው። እኛ አገር በየተራራው የተተከለው ፓቱላም እንደዚያ ነው። የዚህኛው ቅጠል ግን ዝርግና ጫፉ ሹል ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ገና በማደግ ላይ ያለው ዛፍ ቅጠል ደግሞ ከአዋቂው ይረዝማል፣ ይሰፋልም። ፍሬውን ላላየ ሰው ፓይን ነው ቢሉት አይዋጥለትም።

በዋናነት የሚገኘው በላም ዶንግና በካን ሆዋ ክፍለ ሀገራት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 እስከ 2,000 ሜትር ባለው እርጥብ ደን ውስጥ፣ ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ቁመቱ ከ30 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንሪ ሌኮምት እ.ኤ.አ. በ1921 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀው። ስሙን ያገኘው ናሙናውን ከሰበሰበው ከክሬምፍ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ፓይን ነው አይደለም የሚል ሙግት ተነሳ። በ1944 ኦጉስት ሼቫልዬ ዛፉን ከፓይኖች አውጥቶ «ዱካምፖፓይነስ» የሚል የራሱን ወገን ሰጠው። ሰውዬው ያለ ምክንያት አልተነሳም፤ ከቅጠሉ ሌላ የእንጨቱ ውስጣዊ አሠራርም ከሌሎቹ ይለያል። የዘረመል ጥናት ግን ወደ ፓይኖች መልሶታል፤ የቅርብ ዘመዶቹም ነጭ ፓይን የሚባሉት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት ጥሩ ነገር አሳይቷል። አብዛኛው ፓይን ፀሐይ ወዳድ ነው። በዳ ላት ከተማ ዙሪያ የሞላው ባለ ሦስት መርፌ ፓይን ለምሳሌ ገላጣ ቦታ ይመቸዋል። የክሬምፍ ፓይን ችግኝ ግን ጥላን ይችላል። በዚህ ጠባዩ የኛ ዝግባ ለሚመደብበት ቤተሰብ ይቀርባል። ዝርግ ቅጠሉም የሚጠቅመው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ደኑ ሲመነጠር ዛፉ የለመደው ጥላና እርጥበት አብሮ ይሄዳል። እንጨት ቆራጩ፣ የእርሻ መስፋፋቱ፣ ከዳ ላት ወደ ና ትራንግ የሚወርደው መንገድም ደኑን ይቆራርጡታል። ዛፉ በራሱ ዘር መተካቱም አዝጋሚ ነው ይባላል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት መድቦታል።

ጥሩ መጠለያው ቢዱፕ ኑይ ባ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዘገበው የላንግቢያንግ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ ተጣጥመው እንዲኖሩበት የሚጠበቅ ክልል) ውስጥ ይገኛል። ላም ዶንግ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የደን አገልግሎት ክፍያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የውኃ ኃይል ማመንጫዎችና የውኃ አቅራቢዎች ገንዘብ ያዋጣሉ። የአካባቢው አባወራዎች፣ ብዙዎቹ የኮሆ ሕዝብ ተወላጆች፣ እየተከፈላቸው ደኑን ይጠብቃሉ። በአጥር ብቻ ከሚደረግ ጥበቃ ይህ ሳይሻል አይቀርም።