አሸንፎ «እንዲህ አልከፍልም» የሚል ገዢ

በኦንላይን ጨረታ ብዙ ሻጮችን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው። ገዢው ካሸነፈ በኋላ «በሌላ መንገድ ልክፈል»፣ «የማጓጓዣው በዛብኝ» ይላል። ዋጋ ሲያቀርብ ግን ዕቃው ሥር የተጻፈውን የክፍያ ሁኔታም አብሮ ተቀብሏል። ስለዚህ መታየት ያለበት ጨረታው ሲካሄድ ገጹ ላይ የነበረው ጽሑፍ ነው። በኋላ በመልእክት የጨመራችሁት ክፍያ ገዢውን አያስገድደውም፤ እንዲህ መሆኑም ተገቢ ይመስለኛል።

ኢቤይ በሚባለው የኦንላይን መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ገዢው ለመክፈል 4 ቀን አለው። ካለፈ ሽያጩን መሰረዝ ትችላላችሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ምክንያቱን «ገዢው አልከፈለም» በሉ። ለመገላገል ብላችሁ «ዕቃው አልቋል» ካላችሁ ጥፋቱ በእናንተ ስም ይመዘገባል። ገዢው «ከድረ ገጹ ውጭ ልክፈል» ቢላችሁም እሺ አትበሉ፤ ጥበቃ አይኖራችሁም።